የእማዬ ድርብ ጥርስ

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

መደብሩን ከፈትኩ። መብራት የለም። ደንበኛ ሳይመጣ በስልኬ ባትሪና በእጅ መስታወት አፌን አየሁ። ድዱ ደህና ነው። አልቀላም፣ አላበጠም። ጥርሱ ከጎረቤቶቹ ትንሽ ቢጫ ይላል፣ የእማዬ ቀለም። በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩት። የጥርስ ሐኪሙ ዶ/ር ናትናኤል እንዳትነካኪው ብሎኛል። ነካሁት።

አንቺ ደብተር፣ እንግዲህ ተዋወቂኝ። አስቴር እባላለሁ። ዲላ ውስጥ፣ የጋሽ ሸምሱ መድኃኒት መደብር ባለሙያ ነኝ። አንቺን ያመጣሽ የመድኃኒት አከፋፋይ ወኪል ነው። ሽፋንሽ ላይ የደም ግፊት ክኒን ማስታወቂያ አለ፣ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ተቃቅፈው ይስቃሉ። ጽሕፈት ሥራዬ ሆኖ አይደለም፤ ለሰው የማልናገረው ነገር ስለበዛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ጥር ላይ ከእማዬ መንደር ከኮንጋ ስወርድ ከሞተር ወደቅኩ። ከላይ በቀኝ፣ ከክራንቻዬ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ከነሥሩ ሄደ። እማዬ ደግሞ ትርፍ ነበራት። ድርብ ጥርስ፣ ከሰልፉ ወጣ ብሎ የበቀለ። ስትስቅ ከንፈሯን ስለሚይዝባት በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ሚያዝያ ላይ ዶ/ር ናትናኤል ከእሷ ነቅሎ ለእኔ ተከለው። ነሐሴ ላይ እማዬ ሞተች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ፣ በአንድ ቀን። ሦስት ወር ሆናት። ጥርሷ እኔ ጋ ቀረ።

ደንበኛ መጣ። የሳል ሽሮፕ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ራጅ ተነሳሁ። ጥሩ አይደለም።

ዶ/ር መጀመሪያ በመስታወቱ እጀታ መታው። ኪን! ጎረቤቶቹን ሲመታ ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጡት። የእሷ እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አሳየኝ። ሥሩ ጎኑ ላይ ተበልቷል። አይጥ የቆረጠመው ሳሙና ነው የመሰለኝ።

ከመጀመሪያው ሳይደብቅ ነግሮን ነበር፣ ይህን ልመስክርለት። ሰው የራሱን ጥርስ ከአንዱ ቦታ ነቅሎ ወደ ሌላው ቢተክል ብዙ ጊዜ ይይዛል። የሌላ ሰው ሲሆን ግን የሰውነት መከላከያ እንግዳ መሆኑን ያውቅበታል፣ ቀስ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ ያ እንዳይሆን የቻለውን ሁሉ አደረገ። እናት ስለሆነች ግማሽ ሰውነታችን አንድ ነው አለ። የደም ዓይነታችን ገጠመ። የጉበቱም የኤች አይ ቪውም ምርመራ ንጹሕ። ጥርሱን ነቅሎ ውስጡን ሥጋና ነርቭ አወጣ፣ ሕይወት ያለው ነገር ባነሰ ቁጥር ጠቡም ያንሳል ብሎ። ከዚያ ሁለት ሳምንት በኃይለኛ ማቀዝቀዣ አስቀመጠው፤ ቅዝቃዜው ባዕድነቱን ያደበዝዘዋል ይላል። ከተከለው በኋላ በቀጭን ሽቦ ከጎረቤቶቹ ጋር አሰረው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶ አያውቅም። ይህንንም አልደበቀም።

አሁን ምን ይደረግ አልኩት። ምንም። እያዩ መጠበቅ። ዓመታትም ሊቆይ ይችላል፣ ወራትም።

ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ስለሚወስዱት መድኃኒት ጠየቅኩት። መከላከያውን የሚያስተኛው። አለ፣ ግን ለአንድ ጥርስ ማንም አይሰጥም አለ። ለአንድ ጥርስ ተብሎ ቤት ያለ ዘበኛ አያድርም አለኝ።

መድኃኒቱ አለ ያለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 9፣ እሑድ፣ ኮንጋ

የእማዬ ቡና ደርሷል። ቀይ በቀይ። አክስቴ ብዙነሽ ከፍስሐ ገነት መጥታ ቤቱን ይዛለች፣ የእማዬ ታላቅ ናት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን ለቀምን፣ እሸቱን ወደ ቡና ማጠቢያው አደረስን። ጎረቤት ሁሉ ሰላም ይለኛል። እናትሽን መሰልሽ ይሉኛል። አልመስላትም፣ አባቴን ነው የምመስለው።

በለቅሶው ሰሞን አፌን አልከፈትኩም። ጥርሱን ሰው እንዲዘነጋልኝ ብዬ። አክስቴ ግን አልዘነጋችም። እንሰቱ ሥር ቁጭ ብለን ድንገት ወደኔ ዞራ፦

“አንቺ ልጅ፣ አፍህን ክፈት እስቲ።”

አማርኛዋ ወንድ ከሴት አይለይም፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ ነው። ከፈትኩ። ቡና የለቀመ ጣቷን፣ ሙጫው እንዳለ፣ ሰዳ ጥርሱን ነካችው። ከዚያ በቋንቋችን በጌዴኡፋ ሰላምታ ሰጠችው። አዎ፣ ለጥርሱ። እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ልጅሽ ትንከባከብሻለች ወይ። አፌን ከፍቼ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርዳል፣ መዝጋትም አልቻልኩ።

ደህና ናት ወይ ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

ደህና ናት አልኳት።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ጀመርኩ። ፕሬድኒሶሎን፣ ያ መከላከያ የሚያስተኛው ክኒን። መጠኑን አልጽፍም፣ ያቺን ታህል ኅሊና አለኝ።

እሺ፣ ስሚኝ። ደደብ አይደለሁም። ይህ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ ከዲላ ሕዝብ ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ። ለጥቂት ሳምንት ነው። ጥርሱ እስኪረጋጋ። ከዚያ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ሰውነቴን አውቀዋለሁ።

ደግሞ ዛሬ የሆነውን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ከአሪቻ አንዲት እናት መጣች፣ ጉልበቷን ያማታል። ያቺን ትንሽ ነጭ ክኒን ስጪኝ፣ ጎረቤቴ ወስዳ ዳነች አለችኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሸጥም! ተቆጣሁ። ፊትሽ ይነፋል፣ አጥንትሽ ይሳሳል፣ ስኳር ይጥልብሻል፣ የተኛ በሽታ ይቀሰቅስብሻል። ሴትዮዋ ልጄ ምን አደረግኩሽ ብላ ወጣች። ጋሽ ሸምሱ ከጀርባ ሆኖ ጎበዝ፣ ባለሙያ ማለት አንቺ ነሽ አለኝ።

ያው ክኒን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡00

ደህና ነኝ! ከደህናም በላይ። ጉልበት በጉልበት ነኝ። መደርደሪያውን ሁሉ አወረድኩ፣ አጸዳሁ፣ መልሼ ደረደርኩ። ረኃቡ ግን ጉድ ነው። ጠዋት ፉል፣ በአራት ሰዓት ብስኩት፣ ምሳ ሁለት ሰው የሚበላውን። ጋሽ ሸምሱ አላህ ይጨምርልሽ ይለኛል።

ጥርሱን መታ አደረግኩት። ድምፁ የቀነሰ መሰለኝ። ሊሆን ይችላል። ጆሮዬም ሊሆን ይችላል።

በመዘምራን ልምምድ ላይ እህቶች ሁሉ ወዛሽ ተመለሰ፣ ጌታ አጽናናሽ አሉኝ። ሳቅኩላቸው። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ሆድ እያረረ ይስቃል። እማዬ ይህን አባባል ትወደው ነበር። እኔ ጠላሁት ዛሬ።

ናፈቀችኝ። ምንም ምክንያት የለውም፣ የሐሙስ ገበያ ሰው ሲያልፍ አየሁና ናፈቀችኝ። በቃ።

ኅዳር 30፣ እሑድ፣ ኮንጋ

ጽሑፌን ማንበብ ካቃተሽ ይቅር በይኝ።

አክስቴ የእማዬን ሣጥን ከፈተች። ልብሱን ለይተን ለሚያስፈልገው እንስጥ ብላ። ነጠላዎቿ፣ የሰንበት ቀሚሷ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ። ከሥር በስካርፍ የታሰረ ነገር። ፈታሁት። የግፊት ክኒን። እሽግ በእሽግ። ያልተነካ። አንድም ፍሬ አልወጣለትም።

አክስቴን አየኋት። እሷ መሬት አየች።

እማዬ ግፊት ነበረባት አለችኝ። ሦስት ዓመት። ይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ ነበር የምትወስደው፣ እኔ እንዳላውቅ። ልጄ ትጨነቃለች ብላ። መድኃኒት ሻጭ ልጅ እያላት ከሌላ ሰው እጅ! ይህን እንኳ በቻልኩት።

ግን አክስቴ አልጨረሰችም። ጥርሱን ልስጥ ያለች ቀን መዋጡን አቆመች፣ እየተቀበለች ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠው ነበር አለችኝ። ምርመራ ላይ መድኃኒት ከተገኘባት እምቢ እንዳይሏት። እሺ፣ ከዚያስ? ጥርሱ ከተነቀለ በኋላስ ለምን አልጀመረችም? አክስቴን ደጋግሜ ስጠይቃት ቀስ ብላ ነገረችኝ። እማዬ ጥርሱ አሁንም የኔ ነው ትል ነበር። ሥጋዬ ነው፣ ልጄ አፍ ውስጥ ነው ያለው። እኔ የምውጠው መድኃኒት በእሱ በኩል ይደርሳታል። ገና ያልወለደች ልጅ ናት፣ ማኅፀኗን ይጎዳባታል።

ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ራሴን አመመኝ ትለኝ ነበር በስልክ። ውኃ ጠጪ እላት ነበር።

አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ። አንድ ጊዜ!

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

ሽፋንሽን ቀደድኩት። የሚስቁትን ሽማግሌዎች። ይቅርታ፣ ራቁትሽን ቀረሽ።

ያልጻፍኩት ነገር አለ። ትናንት አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ግፊቷን ለክተዋት ነበር። ከፍ አለ። ዶ/ር ፊቱን ቋጠረ፣ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ ብሎ ጠየቀ። እማዬ አማርኛዋ የገበያ ነው፣ የማስተረጉምላት እኔ ነኝ። በጌዴኡፋ ጠየቅኳት። ሳቀች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ እኔን ደግሞ ምን ያመኛል አለች። ለዶክተሩ አትወስድም አልኩት። ይህ ትርጉም ነው፣ ጥፋት የለውም። ግን አላቆምኩም። ባለሙያ ነኛ! ነጭ ጋውን አይታ ፈርታ ነው፣ እኛ ጋ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው አልኩት። ደግሞ ከመናኸሪያ በእግሯ ነው የመጣችው አልኩት። ጥቂት አረፈች፣ እንደገና ለኩ፣ ትንሽ ወረደ። ገባች።

ጥርሱን ፈልጌዋለሁ። ሲስቁብኝ፣ ስናገር ሲያፏጭብኝ ሰልችቶኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሳላገባ በዚያ ቀዳዳ ልቀር ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ አፌ ቀደመኝ።

ጨመርኩት። መድኃኒቱን። ይህ ጥርስ ሊበላ አይችልም። ሕይወቷን ከፍላ ነው የሰጠችኝ። ከእኔ ጋር ይቀበራል።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡00

ዶ/ር ጋ። ሁለተኛ ራጅ። ሥሩ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ክኒኑ ምንም አልረዳም! ወይስ ባይኖር ይብስ ነበር? እንዲህ እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ።

ፊቴን ዝም ብሎ አየ። ድፎ ዳቦ ሆኛለሁ፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ ጉንጬ ዓይኔን ወደ ላይ ይገፋዋል። የምትወስጂው ነገር አለ ወይ አለ። ኀዘን አንዳንዱን ያከሳል፣ አንዳንዱን ያወፍራል አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ። አልተከራከረም።

እንዲህ አስረዳኝ። ሰውነትሽ ጥርሱን እየበላ ብቻ አይደለም፣ በበላው ቦታ ላይ የራስሽን አጥንት እየሠራ ነው። ለዚህ ነው እንደ ብርጭቆ የሚጮኸው፣ ከመንጋጋው ጋር ገጥሟል። አንድ ቀን አንገቱ ላይ ይሰበራል። ከዚያ በፊት መግል ከያዘ ደግሞ ወደ ዓይንሽ መንገድ ነው። ቢወጣ ይሻላል።

እምቢ አልኩ። ጮኽኩበትም። ይቺ የምትነቅላት እናቴ መሆኗን ታውቃለህ? አልኩት። ዓይኑን ዝቅ አደረገ። ደጅ ወንበር ላይ የተቀመጡ በሽተኞች ሁሉ ሰሙኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ሞኙ፣ አንቺ ወረቀቷ።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

ብርድ ብርድ ይለኛል። ከዓይኔ ሥር ይነዝረኛል። አልተኛሁም ሦስት ቀን። ውኃ እጠጣለሁ፣ እሸናለሁ፣ እጠጣለሁ። በመደብሩ መለኪያ ስኳሬን ለካሁ። ቁጥሩን አይቼ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ራሴን ዋሸሁ። በሌላ ለካሁ። ያው።

ከሰዓት አንድ አባት የልጃቸውን መድኃኒት ማዘዣ ይዘው መጡ። ፊደሉ ይደንሳል። የተሳሳተ ጠርሙስ አወረድኩ። የዓይን ጠብታ የተጻፈለትን ሕፃን የጆሮ ልሰጠው ነበር። ሳሽግ ነው ያየሁት። ጠርሙሱን ቀየርኩ። ሰውዬው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ሄዱ፣ ከምን እንደተረፉ አያውቁም።

ጋሽ ሸምሱ አይቶኛል። አልጮኸም። ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። ሂጂ ቤትሽ ተኚ፣ ነገ አትምጪ፣ ሐኪም ሳታዪ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ አለ። እንደ ልጁ ነው የሚያየኝ። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ፣ ማታ 1፡00

ትናንት ጠዋት ቀኝ ዓይኔ አልከፈት አለ። በባጃጅ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶ/ር ናትናኤል ድዴን ከፈተው፣ መግል ወጣ፣ ሽታውን አልነግርሽም። ማደንዘዣው አልሠራ ብሎኝ አለቀስኩ። ከሕመሙ አይደለም ያለቀስኩት።

ከዚያ ነገርኩት። ክኒኑን፣ መጠኑን፣ ከመቼ ጀምሮ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ስንቱን የገሠጽኩ ሰው፣ አፌ በጥጥ ተሞልቶ እየተንተባተብኩ ተናዘዝኩ።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ጓንቱን አወለቀ። ድንገት እንዳታቆሚው፣ ክኒኑ የሚተካውን ነገር ሰውነትሽ ራሱ መሥራት ረስቷል፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው አለኝ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ጠራልኝ። ስኳሬን ያያሉ።

ስለ እማዬ ክኒንም ነገርኩት። ስለ ስካርፉ። በጥርሱ በኩል ይደርሳታል ስላለችው። ነጭ ጋውን ፈርታ ነው ስላልኩት።

ከዚያ የግፊቷን ቁጥር እኔም አይቼዋለሁ አለ። በሌላ ቀን ተመለሱ ማለት እችል ነበር። ማለትም ነበረብኝ። ግን ሥራውን በጣም ፈልጌው ነበር አለኝ። ይህን ብሎ እጁን ታጠበ። ታጥቦ ጨርሶም ቧንቧውን አልዘጋውም፣ ውኃው ይፈሳል፣ እሱ ቆሟል። ለካ እሱም እንደኔ ነው። አንድ ጥርስ የሁለታችንንም ዓይን ጋርዶብን ነበር።

ቀለለኝ አልልሽም። ግን ብቻዬን አይደለሁም።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

እብጠቱ ጎደለ። ትኩሳት የለም። ክኒኑ መቀነስ ጀምሯል፣ አሁን በሐኪም ትእዛዝ፣ ወግ ነው። ዶ/ር ረቡዕ ይነቀል ይላል፣ ካልፈቀድሽ ግን አልነካውም ይላል። እስከ ዛሬ ማታ አስቢበት ብሎኛል።

ቀኑን ሙሉ ተጣላሁ። ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ። ይውጣ እልና ገዳይ ነሽ እላለሁ። ይቅር እልና ያን ሕፃን አስባለሁ። እማዬ ከእኔ ደብቃ ሞተች። እኔ ከሰው ሁሉ ደብቄ ልሞት ነበር፣ በዚያው ጥርስ። ይህን ብታይ ምን ትል ነበር? ዱላ ታነሳ ነበር፣ ሌላ ምን ትላለች።

ለአክስቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ደህና ናት ብዬ የዋሸኋትንም። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። የእህቴን ሥጋ ልትጥዪው ነው ወይ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነው። በእሱ ምን ምን ትበዪበታለሽ አለችኝ።

ምንም። ከተተከለ ጀምሮ በግራ ነው የማኝከው። እንዳይነካ፣ እንዳይሰበር፣ እንዳይቆሽሽ። ስምንት ወር አንድ ጉርሻ አላኘኩበትም።

አክስቴ ጮኸችብኝ። አይ ያንቺ ነገር! ለመብላት አይደለም ወይ የሰጠችህ? ለበሽታ ነው ወይ የሰጠችህ? አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ረቡዕ ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ነገ እመጣለሁ ብላ ዘጋችው።

ለዶ/ር መልእክት ላክሁ። ይነቀል። አንድ ቃል ናት፣ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀችብኝ።

ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

ቀጠሮው 3፡30 ነው። ቁርስ በልተሽ ነይ ተብያለሁ።

አክስቴ ትናንት መጥታ አብራኝ አደረች። አሁን ቆጮውን አሙቃ በጎመን አቀረበችልኝ። ከእማዬ ጓሮ የመጣ እንሰት ነው፣ እማዬ ራሷ ፍቃ የቀበረችው፣ ዘንድሮ የወጣ። አክስቴ ትይዩ ተቀምጣ ታየኛለች።

በግራ እጄ እየበላሁ በቀኜ እጽፋለሁ፣ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፣ ዛሬ ይለፈኝ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደ ልማዴ በግራ አኘኩት። ሁለተኛውን ወደ ቀኝ አዞርኩት። አመመኝ። ክፉኛ አመመኝ፣ እስከ ጆሮዬ። ግን ያኝካል። ጠንካራ ነው። ድምፁ አናቴ ውስጥ ይሰማኛል።

እማዬ፣ ጣፈጠኝ።

አክስቴ ጨመረችልኝ። እንደገና በቀኝ አኘኩት።